የሁለት ሰዓቱ ዙር

ሰበታ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦቦሌቲ ኮ ላሊሴ፣

አካም ጂርታ? የሱሉልታ ብርድ በኅዳር ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ስለ ጤናሽ ሳይሆን ስለ ጣቶችሽ ነው የምጠይቀው። አሁንም አሉ?

«ለምን አትደውልም፣ የምን ደብዳቤ ነው» ላልሽው፣ ስልክ አይሆንም። ቤታችንን ረስተሽው ካልሆነ በእኔና በአባዬ ክፍል መሃል ያለው ኮምፔንሳቶ ነው። እየሰሙኝ ስለ እሳቸው ማውራት አልችልም። ደግሞ የምልክልሽ ፋይል በዚህ ኔትወርክ ተጎትቶ አያልቅም። ስለዚህ ፍላሹን በደብዳቤው ጠቅልዬ አየር ጤና ላይ ለሾፌሩ ጓደኛዬ ለበሪሁን እሰጠዋለሁ፤ እሱ አዲሱ ገበያ ወስዶ ለሱሉልታ ሾፌሮች ያቀብላል። እኛ ሾፌሮች የአደራ ዕቃ አንበላም፣ አይዞሽ።

መጀመሪያ ስለ አባዬ። ነሐሴ ላይ እንዳየሻቸው ናቸው። ስትሮኩ የጣለው ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አሁንም እንደዛለ ነው፤ በከዘራ ከአልጋ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት አልጋ። ሲስተር ተረፈች ከጤና ጣቢያ እየመጣች «እግርዎን ወደ ታች ይጫኑ፣ ትንሽ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ ይረፉ» ትላቸው ነበር። ባለፈው ምን አሏት መሰለሽ? «ምን ላይ ነው የምጫነው? አየር ላይ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማንም። ዕድሜ ልካቸውን በጩኸት ረዳት ሲያደነቁሩ የኖሩ ሰው እንዲህ ዝም ሲሉ አንጀቴን በሉት። ሲስተር «እግሩ ካልሠራ እንደዚሁ ይቀራል፤ ጊዜው አሁን ነው» ብላናለች። ሰውየው ግን እንዴት ይታዘዙ? እማዬ ትለምናለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ እሳቸው ግድግዳ ያያሉ። የእሳቸውን ሚኒባስ አሁን የምነዳት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ፤ እንዳትስቂ። ቡራዩ ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚሸጠው ጓደኛዬ ጃዕፈር የመኪና እሽቅድምድም ውድድር አዘጋጅቷል። እውነተኛ መኪና አይደለም፣ ሲሙሌተር ነው፤ ስክሪን፣ መሪና ፔዳል። ለመለማመጃ አንድ አሮጌ መሪና ፔዳል አውሶኛል። ወንበሩ የማን እንደሆነ ገምቺ። የአባዬ! የሚኒባሷን ወንበር ሳስቀይር አሮጌውን የሾፌር ወንበር መጣል አልሆነልኝም፤ ብረት አስበይጄለት ሳሎን ጥግ ቆሟል።

ይህ ጨዋታ የነዳሽውን ዙር ሁሉ ራሱ ይመዘግባል። ነዳጅ መቼ እንደሰጠሽ፣ ፍሬን ምን ያህል እንደረገጥሽ፣ መሪውን ወዴት እንዳዞርሽ፤ ሁሉንም በመስመር ሥሎ ያስቀምጠዋል። ቴሌሜትሪ ይሉታል። አንቺ ከሯጮቹ እጅ ሰዓት አውልቀሽ ልባቸው የት እንደዘለለ፣ እግራቸው የት እንደደከመ የምታነቢ ሴት ነሽ፤ ይህማ ላንቺ ምኑም አይደለም። ከጃዕፈር የምለየው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። ግማሹን ካስመለስኩ ለፍጻሜው አልፋለሁ።

ፎልደሩን እንዳለ ነው የገለበጥኩት፤ ሁሉንም እየከፈትሽ እንዳትደክሚ። የ2 ሰዓቱን ብቻ እይልኝና እዚያው ካለው ከጃዕፈር ዙር ጋር አስተያይው። ሌላው ጥራጊ ነው። ሦስተኛውን ኩርባ በታክሲ መንገዴ ላይ ባለችው ሰፈር ስም ወለቴ ብዬዋለሁ፣ ጊዜዬን የሚበላው እዚያ ስለሆነ።

ወንድምሽ ጃለታ

*

ሱሉልታ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጉረኛው ወንድሜ፣

ጣቶቼ በቁጥር ሙሉ ናቸው፤ ገለቶሚ። ፍላሹ ከአንድ ኩንታል ድንች ጋር ታስሮ በሰላም ገብቷል።

ስለ ሥራዬ ካነሣህ አይቀር፣ ያው ነው። ሯጮቹ ገና ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፣ አሠልጣኙ ባሕር ማዶ ሆኖ ሪፖርት ይጠብቃል፣ በእኛ ሰዓት አንድ ቁጥር ከጻፍኩለት ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘኝ ይውላል። በፈረንጅ ሰዓት መተኛትና መነሣት ጀምሬያለሁ። እማዬ ብታየኝ ታዝንልኝ ነበር።

አባዬ ለሲስተር ተረፈች የመለሱላትን ሳነብ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ። እሳቸው እኮ እውነታቸውን ነው፤ ምንም በሌለበት እግር ማወዛወዝ ለእሳቸው ውርደት ነው። ግን ምን እናድርግ? በሰው ፊት አልችልም ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ብቻ አትቆጣቸው ጃሌ፣ በሞቴ።

አሁን ያንተን ጉድ ልንገርህ። በሁለት ሰከንድ ነው የምለየው አልከኝ? ወንድሜ፣ ጃዕፈር ዙሩን ጨርሶ፣ ወርዶ፣ ሻይ አዝዞ ስኳሩን ሲያማስል ነው አንተ የምትደርሰው! የ2 ሰዓቱን ፋይል እየደጋገምኩ አየሁት። ሰው ለእህቱ እንዲህ ይዋሻል?

ደህና፣ ስድቡ ይብቃህና ትምህርቱን ስማ። የጃዕፈርን ፍሬን ስታየው መስመሩ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል፤ መጀመሪያ ላይ ጠንክሮ ይረግጣል ማለት ነው። ከዚያ መሪውን እያዞረ ሲሄድ ፍሬኑን በዚያው ልክ ቀስ እያለ ይለቃል። ኩርባው ውስጥ ሲገባ መኪናው ተረጋግቶለታል፣ ነዳጅም ቀድሞ ይሰጣል። ያንተ ግን ከነዳጅ ላይ እግርህ ይነሣል፣ ከዚያ የትም የለም፣ ከዚያ ቆይቶ ፍሬን ላይ ይደርሳል፤ ሲረግጥም ፈራ ተባ እያለ። መሃል መንገድ ላይ ሰው ሰላም ትላለህ እንዴ? ወለቴ ያልካት ጋ ደግሞ የምትቆም ነው የሚመስለው፣ ተሳፋሪ ልታወርድ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠንክረህ ርገጥ፣ ከዚያ እያዞርክ ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሌላ ምንም አትንካ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የሚቀይር ሯጭ የቱ እንደጠቀመው አያውቅም፣ አንተም አታውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትነዳ በቀኝ እጅህ ስልክ ይዘሃል?

እህትህ ላሊሴ

*

ሰበታ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሊ፣

ስልክ አልያዝኩም። በበሪሁን በኩል ያስከተልሽው ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጠየቅሽኝም መልሴ «የለም» ነው፤ እጄን አይደነዝዘኝም፣ ራሴን አያዞረኝም፣ ሽንቴም እንደ ማንም ሰው ሽንት ነው። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው እሱ? ከጃዕፈር ጋር ሆናችሁ ሙድ እየያዛችሁብኝ ካልሆነ በቀር!

ደግሞ አልዋሸሁም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ነው የነገርኩሽ። ደሜን አፍልተሽው እንኳ ምክርሽን ሞክሬያለሁ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ ሠርቷል። መጀመሪያ ጠንክሬ ረግጬ ቀስ ብዬ ስለቅ መኪናው እንደ በግ ተከትሎኝ ይዞራል። ወለቴ ላይ ብቻ ግማሽ ሰከንድ አገኘሁ። ጃዕፈርን ብነግረው «ማን ነው ያስተማረህ?» አለኝ። ሱሉልታ አሠልጣኝ አለኝ አልኩት። አዲሱን ፎልደር ልኬያለሁ፣ ራስሽ እዪው።

አባዬ ያው ናቸው። አልተናገሩም፣ ቁጣዬንም ትቻለሁ። እማዬ ግን እያስቸገረችኝ ነው፤ ቤት ስትጠርግ የሲሙሌተሩን ወንበር ወደ ፊት ትስብብኛለች፣ ስቀመጥ ጉልበቴ ከመሪው ይጋጫል። ብነግራት «እኔ አልነካሁም» ትላለች። ትላንት ደግሞ የአባዬን ከዘራ ፔዳሉ አጠገብ ረስታው አገኘሁት፣ ልሰበርበት ነበር። ይህቺ ሴትዮ ሐሳብ በዝቶባታል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሉብና ሱቅ ሄዳ መቀመጥ አብዝታለች፤ እኔም ትንፈስ ብዬ ተውኳት።

ወንድምሽ፣ የማይዋሸው፣ ጃለታ

*

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጃሌ፣

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስቀድ ሰነበትኩ። ትላንት ደውዬልህ ነበር፤ ስልክህን እማዬ አነሣችው። ስለ ሽንኩርት አውርተን ዘጋን። ይቅር በለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም፤ ግን ድምፅህን እየሰማሁ ልነግርህ አልቻልኩም።

እጅህን ይደነዝዝሃል ወይ ያልኩህ ለቀልድ አልነበረም። አዲሱን ፎልደር ከፈትኩ፤ የ2 ሰዓቶቹን ሁሉ አየሁ። ተሻሻልኩ ያልከውን እዚያ ውስጥ አላገኘሁትም። ውድድሩን በጣም ስለምትፈልግ ጥሩ ጥሩውን ብቻ የምታየው መሰለኝ፣ አልፈርድብህም። ያየሁትን ግን ከዚህ በላይ ልደብቅህ አልችልም። ቀኝ እግርህ ፍሬኑ ላይ ኃይል የለውም። ሲጀምር ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ይይዛል፣ ከዚያ ሳታዘው ይለቃል። ጥቂት ነድተህ ረጅም ጊዜ ታርፋለህ። መሪው ደግሞ ሲዞር መሃል ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል፤ በአንድ እጁ ብቻ የሚያዞር ሰው መያዣ ሲቀይር እንደሚያደርገው።

እኔ የሰው እግር ሳነብ ነው የምውለው። የደከመ እግርና የታመመ እግር ይለያሉ። ይህ የታመመ ነው ጃሌ። ደግሞ ቀኝ ነው። የአባዬ ጎን ነው።

ዙሩንም ሰከንዱንም እርሳው። ሚኒባሷን አቁም። ከኋላህ ያንን ሁሉ ሰው ጭነህ፣ ወለቴ ላይ፣ እውነተኛው ወለቴ ላይ፣ እግርህ ቢለቅብህስ? ሐኪም እስኪያይህ ድረስ መሪ እንዳትነካ፣ አፈር ስሆንልህ። ሲሙሌተሩን ንዳ፣ እዚያ ማንንም አትገጭም፤ ፋይሉንም ላክልኝ። ባለፉት ቀናት ትንሽ የተሻለ መስሎኛል፣ ግን ራሴን ማጽናናቴም ሊሆን ይችላል። ለእማዬ አትንገራት። አንድ ታማሚ ይበቃታል።

ላሊሴ

*

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሊ፣

አቆምኩ።

ደብዳቤሽን አየር ጤና ተራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ መኪናው ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ነበር። ጨርሼ ሳጥፈው ቆሌዬ ተገፎ ነበር። ተሳፋሪዎቹን ወደ በሪሁን መኪና አዛወርኳቸው፣ ረዳቴ ያበድኩ መስሎት አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚኒባሷን አሁን የበሪሁን ታናሽ ወንድም ይነዳታል። ለእማዬ ወገቤን አሞኛል ብያታለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈርቻለሁ። ደብዳቤሽን ከማንበቤ በፊት እግር እንዳለኝም አላስብም ነበር። አሁን ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው ቀኝ እግሬን ሲሚንቶ ላይ አድርጌ ቅዝቃዜው ይሰማኝ እንደሆነ ማየት ነው። ይሰማኛል። ከዚያ ደግሞ የግራውን ያህል ነው ወይ እላለሁ። ጫማዬን ሳስር ጣቴ የዘገየ ይመስለኛል። አባዬን የመታቸው ቀን ጠዋት እኮ ደህና ነበሩ፤ ዘይት ለክተው፣ ጎማ ረግጠው ነው የወጡት። ይህ በዘር ይወርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ከወደቅኩ ቤቱን ማን ሊይዘው ነው?

የሐኪም ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፣ ደስ የሚል ከሆነ። አባዬ ተናገሩ! እኔ ቀኑን ሙሉ ቤት ስውል ጊዜ፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከክፍላቸው ወጥተው በር ላይ ቆመው አዩኝና «አትወጣም?» አሉኝ። ደስታዬ አናቴ ላይ ወጣ። ወገቤን አሞኝ ነው አባዬ ብላቸው «ወገብ የሚያመው ሰው ይንቀሳቀስ» ብለው ተመልሰው ገቡ። በማግስቱም ያንኑ ሰዓት ጠብቀው «ዛሬም አለህ?» አሉኝ። ስንት ሳምንት ዝም ብለው ሲናገሩ እኔን ከቤት ለማባረር! ጉድ ነው መቼስ። እማዬም ሉብና ሱቅ መሄዱን ትታ እዚሁ ትንቆራጠጣለች። ሁላችንም አንድ ቤት ታፍነን እርስ በርስ እንተያያለን።

ጸልዪልኝ።

ጃለታ

*

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሊ! ላሊ! ላሊ!

ምንም የለብኝም። ገለታ ዋቃ! ዶክተሩ ጉልበቴን በመዶሻ ሲነካው እግሬ ተስፈንጥሮ ሊመታው ነበር። አስረገጠኝ፣ አስገፋኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ እግር አቆመኝ፣ ራሴን በማሽን አነሣኝ። በመጨረሻ «ወንድሜ፣ ይህ እግር በሬ ያርሳል፤ ሂድና እንቅልፍህን ተኛ» አለኝ። ከሆስፒታሉ በር እስከ ታክሲው ተራ ድረስ ሮጥኩ። የምቸኩልበት ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ እግሬ እንደሚሠራ ስላወቅኩ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ሌባ መስዬው ዞሮ ያየኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ግን አለቀስኩ፣ ለማን እደብቃለሁ።

ከነገ ወዲያ ሚኒባሷን እረከባለሁ። የዚህን ሳምንት ፎልደር ይኸው፤ ዶክተሩ ካየኝ በኋላ የነዳሁትም አለበት።

ተቆጥቼብሽ አይደለም፤ ስለምትወደኝ ነው ብያለሁ። ግን አንድ ነገር መልሽልኝ። ዶክተሩ ልክ ከሆነ፣ አንቺ ያየሽው የታመመ እግር የማን ነው?

ጃለታ

*

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጃሌ፣ የእኔ ወንድም፣

እፎይ! ደብዳቤህን ቆሜ አንብቤ ከዚያ ተቀመጥኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አሁን ደግሞ ያለህበት ቦታ አንተ ተቀመጥ።

ፍላሹን ከፍቼ የ2 ሰዓቱን ፈለግኩ። የለም። ሳምንቱን ሙሉ አንድም የለም። ያለው 8 ሰዓት፣ 8 ሰዓት ከሩብ፣ እንዲህ ያለ ብቻ ነው። ጥራጊ ብለኸኝ ስለነበር አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ከፈትኩት። እንዴት እንደምነግርህ! ፍሬኑ እንደ ጃዕፈር ሽቅብ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ወለቴን እንደ ንጉሥ ትዞራታለህ። ወደ ኋላ ሄጄ የኅዳሩን 8 ሰዓት ከፈትኩ፤ እውነትም ሁለት ሰከንድ! ዋሾ ያልኩህን ይቅር በለኝ።

ገባህ? አንተ ሁለት ሰዓት ስትል ማታ፣ መኪና ካስገባህ በኋላ ማለትህ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ያንን ሰዓት 8 ብሎ ነው የጻፈው። ማንም የሰበታ ልጅ ይህን አይስትም። እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ ከፈረንጅ ጋር ሰዓት ስቆጥር አእምሮዬ ተገለበጠና 2 ስትለኝ 2 የሚለውን ከፈትኩ። በእኔ የሰዓት ስህተት ከመሪ አውርጄህ፣ በየጠዋቱ እግርህን ሲሚንቶ ላይ አስደርጌህ! እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅህ ይገባኛል፣ በሬ በሚያርሰው እግርህ ላይ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የኮምፒዩተሩ 2 ሰዓት በእኛ ከቀኑ ስምንት ነው። አንተ አየር ጤና ያለህበት፣ እማዬ ሉብና ሱቅ ያለችበት ሰዓት። አንተ ቀኑን ሙሉ ቤት በዋልክበት ሳምንት ደግሞ የስምንት ሰዓቱ ዙር ጠፋ። ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ የሚቀረው ማን ነው ጃሌ? ወንበሩን ወደ ፊት የሚስበው፣ ከዘራውን ፔዳሉ ጋ የሚረሳው? ምን ላይ ነው የምጫነው ያለው?

የመጀመሪያውን ፋይል ፈልጌ አገኘሁት። መኪናው ከቆመበት አልተነቃነቀም። ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ጫን፣ ያዝ፣ ልቀቅ፣ እረፍት። ጫን፣ ያዝ፣ ልቀቅ፣ እረፍት። ሲስተር ተረፈች ያዘዘችው ነው፣ አንድ ሳይጎድል። መስመሩ ከመሬት ከፍ ያለ አይመስልም። በሚቀጥለው ቀን ያው። ከዚያ አንድ ቀን መኪናው ተነሣ፣ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ወጣና ቆመ። ከዚያ ወለቴ ደረሱ። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር። እኔ የታመመ እግር ብዬ የፈራሁት እየዳነ ያለ እግር ነው! ቀን በቀን ደርድሬ ሳየው መስመሩ እየወጣ፣ እየወጣ ይሄዳል። እዚህ ስንት ሯጭ ሲድን አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ መስመር ግን አላየሁም። አለቀስኩልህ፣ ሯጮቹ ምን ሆንሽ እስኪሉኝ።

አሁን ስማኝ። አንዲት ቃል እንዳትናገር። «አውቄያለሁ» ያልካቸው ዕለት እግራቸውን ያነሣሉ፣ ታውቃቸዋለህ። ቶሎ ሥራህ ተመለስ። ስትወጣ ከፍተኛ ድምፅ አሰማ። ፎልደሩን እንደ ወትሮው ሙሉውን ላክልኝ። ለገና እመጣለሁ፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን እማዬን ይዤ ገበያ እወጣለሁ።

እህትህ ላሊሴ

*

ሰበታ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሊ፣

በደህና መግባትሽን በሪሁን ነገረኝ። ቤቱ ካንቺ በኋላ ጭር ብሏል፤ እማዬ እንኳ ገበያ መሄድ ናፈቃት።

ውድድሩ እንዴት ነበር ላልሽኝ፣ ለፍጻሜው አለፍኩ፣ ቡራዩም ላይ ሦስተኛ ወጣሁ። ጃዕፈር አንደኛ ነው፣ ቤቱ ነውና ይሁንለት። ወለቴ ላይ ግን ከሁሉም ፈጣኑ እኔ ነበርኩ፤ ስክሪን ላይ አውጥተው ለሕዝብ አሳዩት። ከኋላ አንዱ «ሚኒባስ ነጂ ነው እኮ» ሲል ሰማሁትና ደረቴን ነፋሁ።

እማዬን በመጨረሻ ጠየቅኳት። የሐኪሙንም፣ የሰዓቱንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። በሐኪሙ ደነገጠች፣ በሰዓቱ እስክትወድቅ ሳቀች። «አንቺስ ታውቂ ነበር?» ብላት «እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት የለሁ፣ ምን አውቃለሁ?» አለችኝ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቃለች ላሊ! አንድ ቀን የረሳችው ነገር ኖሮ ስትመለስ በመስኮት አይታቸው፣ ኮቴዋን አጥፍታ ወጥታ፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሉብና ሱቅ ትቀመጣለች። እኔ የአንድ ወንበር መንቀሳቀስ አልገባ ብሎኝ ሴትዮዋን ስወቅሳት ከረምኩ።

እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ከቤት ስወጣ በሩን በኃይል እዘጋለሁ። ወንበሩን ጠዋት ጠዋት ወደ ፊት ስቤላቸው እሄዳለሁ፣ እንዳይደክሙ። ፔዳሉንም ጠርጌ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ምንም የጠረጠሩ አይመስለኝም።

መኪና ስነዳ አሁንም አንዳንዴ ቀኝ እግሬን አየዋለሁ። አይቼው ግን ብቻዬን እስቃለሁ፣ ረዳቴም ለይቶለታል ብሎኛል።

ወንድምሽ ጃለታ

*

ሰበታ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ ላሊሴ፣

ይህን የምጽፈው በራሴ ቀኝ እጅ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ጎዳናው የተቆፈረ ሰፈር ነው ብለሽ እለፊው። አንድ ገጽ ለመሙላት የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ወስዶብኛል።

ሁላችሁም ብልጦች ነን ብላችሁ ተቀምጣችኋል። ወንድምሽ ሲወጣ በሩን እስኪነቀል ያላጋዋል፤ እኔ ደንቆሮ አልሆንኩም፣ ጎኔ ነው የዛለው። ወንበሩንም ስቦልኝ ይሄዳል። ባዶ ቤት ውስጥ ወንበር ተስቦ፣ ፔዳል ዘይት ተቀብቶ ሲጠብቀኝ ምን ብዬ ላስብ፣ መልአክ መጣ ልበል? አንቺ ደግሞ ለገና መጥተሽ ከእናትሽ ጋር በየቀኑ ስምንት ሰዓት ገበያ ሄዳችሁ፣ በየቀኑ ባዶ ዘንቢል ይዛችሁ ተመለሳችሁ። ሰበታ ገበያ ዕቃ አልቆበት ነበር?

እናትሽን አፋጠጥኳትና ሁሉን ነገረችኝ። ልጄ በእኔ እግር ምክንያት መሪ ለቅቆ፣ ሐኪም ቤት ተመላልሶ፣ እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ቤት ዋለብኝ ብዬ ስነጫነጭበት እንደነበር ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ የራሱን እግር እያየ ሲፈራ እኔ ከበሩ ማዶ «አትወጣም?» እለዋለሁ። ከዚያ የሰዓቱን ነገር ስትነግረኝ ሳቅኩ። ከወደቅኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ከዘራዬ ከእጄ ወደቀ፣ ጎንበስ ብዬም አነሣሁት። ቆይቼ ነው በየትኛው እጅ እንዳነሣሁት ያየሁት።

በሰው ፊት ያላደረግኩት ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ አይደለሽ እንዴ? ባዶ አየር ስረግጥ ሞት ነበር የሚመስለኝ። ያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን የራሴ ወንበር ነው፤ ጎድጓዳው እንኳ የእኔ ነው።

ትላንት ሲስተር ተረፈችን ራሴ አስጠራኋት። መጣችና እንደ ድሮው እጇን ከእግሬ ሥር አድርጋ «ይጫኑ» አለችኝ። ተጫንኩ። «ቀስ ኦቦ ቦሩ፣ እጄን!» ብላ ጮኸች። ጃለታ ክፍሉ ሆኖ ሰምቷል፤ ሳይገባ ቀረ፣ ግን አፍንጫውን ሲያብስ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ኮምፔንሳቶ በኩል የማይሰማ ነገር የለም።

ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ስለ እኔ ብሎ ከቤት እንዳይወጣ። እናትሽም ትቀመጥና ትየኝ። ለበሪሁን የሰጠሁት ፍላሽ ላይ የስምንት ሰዓቱን ዙር እይልኝ፤ በእኛ ስምንት ማለቴ ነው፣ ኮምፒዩተሩ 2 ብሎ የጻፈውን፣ ደግሞ እንዳትሳሳቺ። ወንድምሽ ወለቴ የሚላት ኩርባ ላይ ጊዜ እየጠፋብኝ ነው። ፍሬኑን ጠንክሬ እረግጣለሁ፣ ግን ዘግይቼ የምለቅ ይመስለኛል። የት እንደሆነ ንገሪኝ። ለጃለታ ግን እንዳታሳዪው፣ ልቀድመው ነው።

አባትሽ ቦሩ